የሴልን መወለድ ያሳየን ሰው መሞቱንም አይቶ ነበር

ዋልተር ፍሌሚንግ (1843 – 1905)

ከጋዜጠኝነት ትምህርት 2ኛ ዓመት ተማሪ

ፍሌሚንግ የሚለውን ስም ስንሰማ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ፔኒሲሊን ነው። ዛሬ የማነሳው ግን እሱን አይደለም። የፔኒሲሊኑ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ስኮትላንዳዊ ሲሆን የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ ነው። የጀርመናዊው ዋና መጽሐፍ በ1882 ሲታተም ስኮትላንዳዊው ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙን አናውቀው ይሆናል እንጂ ሥራውን ያልተማረ የለም። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳለን አንዱ ሴል ለሁለት ሲከፈል ደብተራችን ላይ በእርሳስ እየሳልን፣ ክሮቹ መሃል ላይ ሲሰለፉ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ ሲጎተቱ እያሳየን ስንቱን ፈተና አልፈናል! ማይቶሲስ ይሉታል። ቃሉን ያወጣለት ይኸው ሰው ነው።

የፍሌሚንግ ታሪክ በየመጽሐፉ ሲጻፍ ታዲያ እዚያው ላይ ያበቃል። ሴል እንዴት እንደሚወለድ አሳየ፣ አለቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1885 ደግሞ በጥንቸል ኦቫሪ ውስጥ ሴል እንዴት እንደሚሞት ቁጭ ብሎ አይቶ፣ ስሎ፣ ስም ሰጥቶ እንዳሳተመ የሚያነሳ ጥቂት ነው። በእኔ አስተያየት የተረሳው ሥራው ከታወቀው የሚያንስ አይደለም።

ለመሆኑ መቱ ላይ ተቀምጠን ስለ አንድ ጀርመናዊ የአናቶሚ መምህር ምን አገባን? ነገሩ ግን ቅርባችን ነው። ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል ከመቱ ወደ ጎሬም ሆነ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድንጋይና አጥር ላይ እንሽላሊት ተጋድሞ ፀሐይ ሲሞቅ ያላየ የለም። ወደ ባሮ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ትልቁ አርጃኖ አለ። ሴቷ እንሽላሊት በሆዷ ውስጥ ሁለት ኦቫሪዎች፣ ማለትም እንቁላል የሚያመርቱ አካላት አሏት። በእነሱ ውስጥ ፎሊክል የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ፎሊክል አንድ ያልበሰለ እንቁላል አቅፎ ይዟል፤ ዙሪያው በሴሎች ግድግዳ የታጠረ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አድገው፣ አስኳል ሞልተው፣ ቅርፊት ለብሰው አፈር ውስጥ የሚጣሉት ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩትስ የት ገቡ? አልተጣሉም፣ አልወጡም። እዚያው ሟሙ። ማነው ሙቱ ያላቸው? የዚህ ጥያቄ መልስ ክሩ ሲተረተር ጫፉ የሚገኘው ኪል በምትባል የጀርመን የወደብ ከተማ፣ በፍሌሚንግ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ዋልተር ፍሌሚንግ ኤፕሪል 21 ቀን 1843 በሰሜን ጀርመን፣ ሽቬሪን ከተማ አጠገብ በምትገኘው ዛክሰንበርግ ተወለደ። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ ዘመነ መሳፍንት አላበቃም፤ አፄ ቴዎድሮስ ሊነግሡ ገና 12 ዓመት ይቀራቸዋል። አባቱ ካርል ፍሪድሪክ ፍሌሚንግ የአእምሮ ሐኪም ሲሆኑ የዛክሰንበርግ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ኃላፊ ነበሩ። ዋልተር ለቤቱ አምስተኛ ልጅና ብቸኛ ወንድ ነው። ልጅ ሆኖ ልቡ ያዘነበለው ወደ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነበር። የትምህርት ቤት ጓደኛው ሃይንሪሽ ዛይደል ኋላ ታዋቂ ደራሲ ሆኗል፤ ሁለቱም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ አልተለያዩም። ፍሌሚንግ ግን የአባቱን መንገድ ይዞ ሕክምና ገባ። አራት ዩኒቨርሲቲዎችን ከዞረ በኋላ በ1868 ከሮስቶክ ተመረቀ። በ1870 እና 71 በጀርመንና በፈረንሳይ ጦርነት በወታደር ሐኪምነት አገለገለ። በ1873 ፕራግ ሄዶ አስተማረ። ፕራግ ያን ጊዜ ቼኮችና ጀርመኖች በቋንቋና በዘር የሚቆራቆዙባት ከተማ ነበረች። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1876 ወደ ኪል ተዛወረ፤ የአናቶሚ ፕሮፌሰርና የተቋሙ ኃላፊ ሆኖ እስከ ጡረታው ማለትም እስከ 1901 ከዚያ አልተነሳም። እንግዲህ ሰውየው ብዙ አገር የዞረ ጀብደኛ አይደለም። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማይክሮስኮፕ ቀዳዳ የተመለከተ ሰው ነው።

ምን ነበር የሚመለከተው? ችግሩ ሴል ቀለም የሌለው መሆኑ ነው። የእንቁላል ነጭ ውስጥ ውሃ ጠብ ብታደርጉ ውሃው ይታያችኋል? ሴልም እንደዚያ ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ እንደ ብርጭቆ ያሳልፋል። በዚያ ዘመን የጀርመን ፋብሪካዎች ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ የጨርቅ ቀለም ማውጣት ጀምረው ነበር፤ አኒሊን ይባላል። ቀለሙ ለቀሚስና ለመጋረጃ የተሠራ ነው። ፍሌሚንግ ይህን ቀለም ሴል ላይ ሲያፈስ ሁሉም ቦታ እኩል አልያዘም። እናቶቻችን እንሶስላ ሲያስሩ ጥፍር ላይ ደምቆ ሌላው ቆዳ ላይ ፈዘዝ እንደሚለው ሁሉ፣ ቀለሙም በሴሉ መሃል በኒውክለስ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ላይ ብቻ ደምቆ ተለጠፈ። ፍሌሚንግ ያንን ቀለም ወዳድ ነገር ክሮማቲን ብሎ ሰየመው። ቀለም ከመቀባቱ በፊትም ሴሉ ሳይበላሽ ባለበት እንዲደርቅለት የራሱን የአሲድ ቅልቅል አዘጋጀ፤ ይህም ቅልቅል በስሙ እየተጠራ ከእሱ በኋላ ብዙ ዘመን በላቦራቶሪዎች ሲያገለግል ኖሯል።

የመረጠውም እንስሳ ጥሩ ነው። ሳላማንደር የሚባለው ፍጥረት መልኩ ቁርጥ እንሽላሊት ነው፤ ዘሩ ግን ከእንቁራሪት ወገን ነው። ሴሎቹ ትላልቅ ናቸው። ፍሌሚንግ የሳላማንደር ግልገሎችን ክንፍና ስንጥብ እየወሰደ በሕይወት ያሉትንም ቀለም የተቀቡትንም እያስተያየ ቅደም ተከተሉን አወጣ። ክሮቹ ይወፍራሉ፣ ያጥራሉ፣ እያንዳንዱ ክር በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ይሄዳል። በቁመቱ መሰንጠቁን ማየቱ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ክር መሃሉ ላይ ቢቆረጥ ሁለቱ ልጆች የተለያየ ርስት ይወርሳሉ፤ በቁመቱ ከተሰነጠቀ ግን እኩል ይካፈላሉ። ይህን ሁሉ በ1882 በአንድ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። የሚገርመው ግሬጎር ሜንዴል ስለ ውርስ ሕግ የጻፈው በ1866 ታትሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጦ ነበር። ፍሌሚንግ አላነበበውም። አንዱ ርስቱ እንዴት እንደሚከፋፈል ያውቃል፣ ሌላው ሲከፋፈል አይቷል፣ ሁለቱ ሳይገናኙ ቀሩ።

አሁን ወደተረሳው እንምጣ። በ1885 ፍሌሚንግ የጥንቸል ኦቫሪ አንስቶ እያደጉ ያሉትን ሳይሆን እየጠፉ ያሉትን ፎሊክሎች መረጠ። ፎሊክሎች በመንገድ እንደሚቀሩ ከእሱ በፊትም ይታወቅ ነበር፤ አትሬዢያ ይባላል። ሴል መሞቱን ያዩ ሌሎችም ነበሩ፤ ካርል ፎክት የተባለ ተመራማሪ በ1842 በእንቁራሪት ወገን ላይ ተመልክቶታል። የፍሌሚንግ ልዩነት ሴል ሲወለድ ያየበትን ያንኑ ቀለምና ያንኑ ዓይን ሞቱ ላይ ማሳረፉ ነው። በፎሊክሉ ግድግዳ ላይ ያሉት ሴሎች እንደተመታ ሰው አልፈነዱም፣ አላበጡም። ክሮማቲኑ ተሰበሰበ፤ በኒውክለሱ ጠርዝ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተቆለለ፤ ከዚያ ወደ ትናንሽ ድብልብል ፍሬዎች ተከፋፈለ፤ ሴሉም ራሱ ተኮማትሮ ቆራርጦ ወደቀ። ማንም አልነካውም። ቁስል የለም፣ መግል የለም። ሥርዓት ያለው አሟሟት ነው። ፍሌሚንግ ነገሩን ክሮማቶሊሲስ አለው፤ የክሮማቲን መሟሟት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ እኔን በጣም ያበሳጨኛል። በ1914 ሉድቪግ ግሬፐር የተባለ ሌላ ጀርመናዊ ተነስቶ ማይቶሲስ ካለ ሚዛኑን የሚጠብቅ ሞት የግድ መኖር አለበት፣ ያም የፍሌሚንግ ክሮማቶሊሲስ ነው ብሎ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም። ያ ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት የፈነዳበት ነው። ቃሉንም የነርቭ ሐኪሞች ወስደው በተጎዳ የነርቭ ሴል ላይ ለሚታይ ሌላ ለውጥ አዋሉት፤ ዛሬም በዚያ ፍቺው ነው የሚታወቀው። ስሙን የተቀማ ግኝት ማለት እንዲህ ነው። በ1972 አውስትራሊያዊው ጆን ኬርና የስኮትላንድ ባልደረቦቹ ዋይሊና ከሪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክተው አፖፕቶሲስ የሚል አዲስ ስም አወጡ። ቃሉን የጠቆማቸው የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የግሪክኛ ፕሮፌሰር ነው፤ ትርጉሙም ቅጠል ከዛፍ ላይ መርገፉ ነው። ጥሩ ቃል ነው፤ የቡና አበባ ሲረግፍ ያየ የኢሉባቦር ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኬርና ጓደኞቹ የሳሉት ሥዕል ግን፣ ያ በጠርዝ ላይ የተቆለለ ግማሽ ጨረቃ፣ ፍሌሚንግ ከ87 ዓመት በፊት የሳለው ነው። በ2002 ሴል በራሱ ትእዛዝ የሚሞትበትን መንገድ በአንድ ጥቃቅን ትል ላይ የገለጡት ሦስት ሳይንቲስቶች፣ ብሬነር፣ ሆርቪትዝና ሰልስተን፣ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ስለ ሰውየው ጠባይም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ከደመወዙ አንድ አምስተኛውን በየዓመቱ ቤት ለሌላቸው ሰዎች መጠለያ ይሰጥ እንደነበር፣ በየሳምንቱም ያበላቸው እንደነበር ይነገርለታል። ከድህነት የተነሳ ትምህርት ቤት መሄድ ያልቻሉ ሕፃናትን ሰብስቦ ሒሳብና ሳይንስ ያስተምርም ነበር። ፕሮፌሰር ሆኖ፣ የተቋም ኃላፊ ሆኖ ማለት ነው! የኋለኛው ዕድሜው ግን በሕመም የተያዘ ነው። በ1900 የሜንዴል ጽሑፍ እንደገና ተገኝቶ ዓለም ስለ ክሮሞሶም መነጋገር ሲጀምር እሱ ሥራ የሚለቅበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ኦገስት 4 ቀን 1905 በ62 ዓመቱ ኪል ውስጥ አረፈ። (በዚያው ዓመት በእኛ አገር የአቢሲኒያ ባንክ ተመሠረተ፤ ኋላም ጎሬ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ ቡናችን በጋምቤላ በኩል በባሮ ወንዝ ወደ ሱዳን የሚወርድበት ዘመን ነው።)

አሁን አንድ አስገራሚ መገጣጠም ልንገራችሁ። ፍሌሚንግ ከማረፉ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በጁን 1905፣ ኧርነስት ስታርሊንግ የተባለ እንግሊዛዊ ለንደን ላይ ለሐኪሞች ንግግር ሲያደርግ አንድ አዲስ ቃል ተጠቀመ። ቃሉ ሆርሞን ነው። ከአንድ አካል ወጥቶ በደም ተጭኖ ሌላውን አካል የሚያዝ መልእክተኛ ማለት ነው። ፍሌሚንግ ሴሎቹ ሲሞቱ አይቷል፤ ትእዛዙን ማን እንዳመጣው ግን የሚገልጽበት ቃል እንኳ አልነበረውም። ቃሉ የመጣው እሱ አልጋ ላይ ሳለ ነው።

የመልእክተኛው ቤት የት እንደሆነ በ1920ዎቹ ታወቀ። አሜሪካዊው ፊሊፕ ስሚዝ ከአይጦች አንጎል ሥር ያለችውን፣ አተር የማታህል ፒቱታሪ እጢ አወጣ። ኦቫሪያቸው ሟሸሸ። እጢዋን መልሶ ሲተክልላቸው አንሰራራ። ከዚህች እጢ ከሚወጡት አንዱ ፎሊክል አነቃቂ ሆርሞን ይባላል፤ በምሕጻሩ ኤፍ.ኤስ.ኤች.። ኋላ በ1990ዎቹ እንደተረጋገጠው ይህ ሆርሞን ፎሊክልን ማሳደግ ብቻ ሳይሆን እንዳይሞትም ይጠብቃል። የግድግዳው ሴሎች መልእክቱ ሲቋረጥባቸው ፍሌሚንግ ባየው መንገድ ይረግፋሉ። በሌላ አነጋገር ሞቱ ሁልጊዜ በራቸው ላይ ቆሟል፤ የሚከለክለው የሆርሞኑ መምጣት ነው። እኔ ይህን ሳነብ ነገሩን ገልብጬ ነበር የማውቀው። ሙቱ የሚል ትእዛዝ እየጠበቁ ሳይሆን ኑሩ የሚለው ሲቀርባቸው ነው የሚሞቱት።

ወደ እንሽላሊቷ ስንመለስ ይህ ሁሉ ከአየሩ ጋር የተሳሰረ ነው። ሙቀቱና ዝናቡ ሲስማማ፣ ነፍሳት ሲበዙና ስትጠግብ አንጎሏ ለፒቱታሪ ይነግራል፤ ፒቱታሪ ሆርሞኑን ይለቃል፤ ኦቫሪዋ በተራው ኤስትሮጂን የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ኤስትሮጂን ጉበቷን የአስኳል ፕሮቲን እንድትሠራ ያዛታል፤ ፕሮቲኑ በደም ተጉዞ ወደተመረጡት ፎሊክሎች ይገባል። የአንድ እንቁላል ጉዳይ ነው ብለን ስንት ቢሮ እንደዞረ ተመልከቱ! ከሰንሰለቱ አንዱ ሲላላ ፎሊክሉ በመንገድ ይቀራል፤ ግድግዳው ይፈርሳል፤ የተከማቸውም አስኳል ተመልሶ ይመጠጣል፤ የባከነ ነገር የለም። እንደኛ ዝናቡ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ በሚወጣበት አገርም ሆነ ደረቅ ቆላ ላይ፣ ለመጥፎ ጊዜ የተዘጋጀ መላ ነው።

አኖል በሚባሉት የአሜሪካ እንሽላሊቶች ላይ በ1970ዎቹ ዴቪድ ክሩስ የሠራው ጥናት ደግሞ ለጨዋታም ይመቻል። ወንዱ በሰላም ሲያሽኮረምማት የሴቷ ኦቫሪ ቶሎ ያድጋል። ወንዶች ፊቷ እርስ በርስ ሲደባደቡ ግን ዕድገቱ ይገታል። ዓይን ያየውን ኦቫሪ ሰማ ማለት ነው። አኖሏ እንቁላል የምትጥለው አንድ አንድ ሲሆን ሁለቱ ኦቫሪዎቿ ተራ ይገባሉ፤ አንዴ ከቀኙ፣ አንዴ ከግራው።

እዚህ ላይ ከእንሽላሊት ወደ ሰው መሻገር አለብኝ፤ ጉዳዩ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ነውና። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ፎሊክሎች ይዛ ትወለዳለች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ወደ 300 ወይም 400 ሺህ ዝቅ ይላል። በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት 400 ያህል ብቻ ናቸው። ሌላው በሙሉ ፍሌሚንግ በጥንቸሏ ባየው መንገድ ያልፋል። ይህ በሽታ አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ የማንም ጥፋት አይደለም። በየወሩ ብዙ ፎሊክሎች አብረው ይነሳሉ፤ ሆርሞኑ ዝቅ ሲል አብዛኞቹ ይወድቁና አንዱ ብቻ ይቀራል። የመካንነት ሐኪሞች ኤፍ.ኤስ.ኤች. በመርፌ ሲሰጡ ሊወድቁ የነበሩትን ያተርፋሉ። ስለዚህ መርፌው የወደፊቱን እንቁላል ይጨርሳል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የሚያድነው በዚያ ወር ሊሞቱ የነበሩትን ነው። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2019 የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ከመቱ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ እዚያ መድረስ ለሁሉም አይቻልም። መካን ብሎ ሴቲቱን ብቻ መስደብ ግን ምንም ሳይጓዙ እዚሁ መተው ይቻላል።

የእንሽላሊቶች ፎሊክል አንድ ሌላ ነገር አለው፣ እሱን ሳልነግራችሁ ብጨርስ ይቆጨኛል። በፎሊክላቸው ግድግዳ ውስጥ እንደ ፒር ፍሬ ከአንድ ጫፍ የቀጠኑ ግዙፍ ሴሎች ይታያሉ፤ የእንሽላሊትና የእባብ ወገን መለያ ናቸው። የኔፕልስ ተመራማሪዎች በኢጣሊያ የግድግዳ እንሽላሊት ላይ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋቸዋል። እነዚህ ሴሎች በቀጭን ድልድይ ከእንቁላሉ ጋር ተያይዘዋል። እንቁላሉ ትንሽ ሳለ በውስጣቸው ያለውን ሁሉ በድልድዩ እያሻገሩ ይቀልቡታል። አስኳል የሚሞላበት ጊዜ ሲቃረብ ሥራቸው አለቀ። ክሮማቲናቸው ይሰበሰባል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠፋሉ። እንቁላሉ ግን ጤነኛ ነው፣ ማደጉንም ይቀጥላል። እዚህ የሚሞቱት ፎሊክሉ ስለወደቀ ሳይሆን እንዲያልፍ ነው። ፍሌሚንግ ጥንቸሏን ትቶ እዚያው ኪል ውስጥ አንዲት እንሽላሊት ቢከፍት ኖሮ ሁለቱንም አሟሟት በአንድ ቁራጭ ሥጋ ላይ ያገኝ ነበር፤ ቀለሙም ማይክሮስኮፑም በእጁ ነበሩ።